«እንዴት መጣልሽ?» ሲሉኝ ዝም ብዬ እስቃለሁ

ከሀዋሳ ወደዚህ አምድ የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፍቅር ወይ ስለ ቤት ኪራይ ነው፣ ሰሞኑን ግን ቴሌግራማችን ላይ ኤአይ ኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) የሚል በዛ። ተራ በተራ ከማወጣቸው አንድ ላይ ልመልሳቸው ብዬ የተወሰኑትን መርጫለሁ። ስም የለም፣ የሚያሳብቅ ነገር ካለም አውጥቼዋለሁ፣ እናንተም ማን ናት ማን ነው እያላችሁ አትመራመሩ።

«ጋሼ ሰላም ኖት? ሀዋሳ ካምፓስ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። የግጥም ውድድር ነበረ፣ ስለ ሐይቁ ጻፉ ተባልን። እኔ ጻፍኩ ግን መጨረሻው እምቢ አለኝ፣ ስለዚህ ቻትጂፒቲ ላይ አስገብቼ ጨርስልኝ አልኩት። ከሰጠኝ ውስጥ አራት ስንኝ ወሰድኩ፣ አንዷን ትንሽ ነካካኋት። ሁለተኛ ወጣሁ። አሁን ሰው ሁሉ የሚወድልኝ እነዛኑ አራት ስንኞች ሆነው ቁጭ አሉ፣ ዳኛው ራሱ መድረክ ላይ ደግሞ አነበባቸው። ጓደኞቼ እንዴት መጣልሽ ይሉኛል፣ ዝም ብዬ እስቃለሁ። የውድድሩ ህግ ላይ ኤአይ አይቻልም የሚል የለም፣ ማንም አልጠየቀኝም፣ ስለዚህ አልዋሸሁም አይደል? ታዲያ ለምንድነው የሚከብደኝ?» (ዝም ያልኩት፣ ከአቶቴ)

እህቴ፣ «ማንም አልጠየቀኝም» ትያለሽ፣ ከዛች በፊት ባለችው መስመር ላይ ደሞ ጓደኞቼ እንዴት መጣልሽ ይሉኛል ብለሻል። ተጠየቅሽ እኮ! ደህና አርገው ነው የጠየቁሽ። መልስም ሰጥተሻል፣ ሳቅሽ። እዛ ጋ ሳቅ ማለት «እንዲሁ መጣልኝ» ማለት ነው፣ እነሱም እንደዛ ነው የተረዱት፣ አንቺም እንደዛ እንደተረዱት ታውቂያለሽ። የሚከብድሽ ሌላ አይደለም፣ ይሄው ነው።

ህጉ አይከለክልም ላልሽው፣ ካልከለከለ ህግ አልጣስሽም፣ በዚህ በኩል እንቅልፍ አትጪ። ግን አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው አንዲት የሀዋሳ ልጅ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብላ፣ አይታ፣ ተሰምቷት የጻፈችውን ነው የምሰማው ብሎ ነው ያጨበጨበው። ነገሩን ቢያውቅ ምናልባት አሁንም ያጨበጭብ ነበር፣ ምናልባት ደሞ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር፣ እኔ አላውቅም አንቺም አታውቂም፣ እሱ ግን የሚያውቅበትን እድል አላገኘም።

አዝማሪ ቤት ገብተሽ ከሆነ አይተሻል፣ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል፣ ግጥሙ የእንግዳው ነው ድምጹ የአዝማሪው ነው፣ እና ማንም ተታለልኩ ብሎ አይወጣም ምክንያቱም ሲሰጠው ሁሉም ሰምቷል። ያንቺም ጥፋት መቀበልሽ አይደለም። ሲሰጥሽ የሰማ ሰው አለመኖሩ ነው።

ሌላ ሀገርም ይሄ ነገር ትልልቅ ሰዎችን ገጥሟል። ጃፓናዊቷ ደራሲ ሪዬ ኩዳን እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ አኩታጋዋ የሚባለውን ትልቅ የስነ ጽሁፍ ሽልማት ወሰደችና ከልቦለዱ 5 በመቶ ያህሉ ኤአይ የጻፈው እንዳለ የገባበት ነው ብላ ራሷ ተናገረች። ሰዉ ጮኸ። ኋላ ላይ ስታብራራ ታሪኩ ውስጥ ኤአይ የሚመልስበት ቦታ ላይ ነው የተጠቀምኩት አለች፣ ሽልማቱም እጇ ላይ ነው ያለው። ከዛ በፊት በ2023 ደሞ ጀርመናዊው ቦሪስ ኤልዳግሰን በሶኒ የዓለም ፎቶግራፍ ውድድር ካሸነፈ በኋላ ይሄ ፎቶ አይደለም፣ ኤአይ ነው ብሎ ሽልማቱን አልቀበልም አለ። ሁለቱም ላይ የተባለው ተብሏል፣ ግን ማንም አላጋለጣቸውም፣ ከራሳቸው አፍ ነው የወጣው። ካምፓስ ውስጥ ደሞ ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ አንቺ ትነግሪኛለሽ፣ ከቻትጂፒቲ ጋር የተጻጻፍሽው ስክሪንሾት ተደርጎ አንድ ቀን የሆነ ግሩፕ ላይ ከወጣ በኋላ ያው ነገር ሌላ ነገር ይሆናል።

ስለዚህ ምን ታደርጊያለሽ፣ ፌስቡክ ላይ ረጅም የንስሐ ፖስት እንዳትጽፊ አደራ። መጀመሪያ ለአዘጋጆቹ አጭር መልእክት ላኪ፣ ለምሳሌ እንዲህ ብለሽ፦ «ካቀረብኩት ግጥም የመጨረሻዎቹ አራት ስንኞች ከቻትጂፒቲ የተወሰዱ ናቸው፣ ሦስቱ እንዳሉ ናቸው አንዱን ቀይሬዋለሁ፣ የቀረው በሙሉ የኔ ነው። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሽልማቱን በተመለከተ የምትወስኑትን እቀበላለሁ።» በቃ። የትኛው ስንኝ እንደሆነ ለይተሽ ንገሪ፣ «ትንሽ ኤአይ ተጠቅሜያለሁ» የምትባለዋን ነገር ተያት፣ ከትንሽ እስከ ሙሉ ድረስ ሁሉም ሰው በሷ ነው የሚሸፈነው። ሽልማቱን እነሱ ይወስኑ ያልኩሽ ደሞ ሦስተኛ የወጣ ልጅ ስላለ ነው፣ እሱን ማንም በደብዳቤው አላነሳልኝም፣ አንቺም አላነሳሽውም።

ለጓደኞችሽ ቀለል አርገሽው፣ «እነዛ አራቱ እንኳን የኔ አይደሉም፣ ከላይ ያለው ነው የኔ» በይ። ይስቃሉ ያልፋል። በነገራችን ላይ ይሄ ማሽን አማርኛ ግጥም ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ ቤት አይመታም፣ ቤት መታ ሲባል ደሞ ሀሳቡ ይጠፋል፣ ሰምና ወርቅማ ጭራሽ አይታሰብ። ከዛ ሁሉ ገለባ ውስጥ አራት ደህና ስንኝ ለቅመሽ ካወጣሽ ጆሮ አለሽ ማለት ነው። በዛው ጆሮ መጨረሻውን ራስሽ ጻፊውና ላኪልኝ፣ ባይነበብም እናነበዋለን።

«ሰላም አዘጋጅ። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የህትመትና የዲዛይን ቤት አለችኝ፣ ባነር፣ የሰርግ ካርድ፣ ሎጎ እንሰራለን። አንዷ ደንበኛ የራሷንና የእጮኛዋን በእጅ የተሳለ ስዕል ለሰርጋቸው ትፈልግ ነበር፣ በፎቷቸው ሚድጆርኒ (ስታዘው ምስል የሚፈጥር ኤአይ) ላይ ሰራሁት፣ ከዛ ፎቶሾፕ ላይ አስተካክዬ ሸራ ላይ አተምኩላት። በጣም ነው የተደሰተችው፣ ከፈለች፣ አሁን ጓደኛዋን ልትልክልኝ ነው። መናገር አለብኝ? ፎቶሾፕ ስጠቀም አልናገርም እኮ። ከተናገርኩ ደሞ ዋጋ ቀንስ ይሉኛል፣ ኪራዩን ማን ይከፍልልኛል?»

ወንድሜ፣ የፎቶሾፑ ነገር ላይ ግማሹን እስማማለሁ። የቅናሽ ሽያጭ ባነር ጀርባው ላይ ያለው ቀለም ከየት መጣ ብሎ የሚጨነቅ ሰው የለም፣ እኔም አልጨነቅም። ይቺ ልጅ ግን «በእጅ የተሳለ» ብላሃለች፣ ቃሏ ነው፣ አንተው ነህ የጻፍክልኝ። እሷ የከፈለችው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ፊታቸውን እያየ እንዲደክምበት ነው። ሳሎኗ ላይ ትሰቅለዋለች፣ እንግዳ ሲመጣ «ሰዓሊ ነው የሳለልን» ትላለች፣ ያንተን ውሸት እሷ እድሜ ልኳን ሳታውቀው ትዋሻለች። ይሄኛው ላይ ደውልላትና ንገራት፣ የዋጋውን ልዩነት ልመልስልሽ ወይ በሰዓሊ ላስለውልሽ በላት። ጓደኛዋን የምትልክልህም ከሆነ ይሄን ካወቀች በኋላ ትላክልህ።

ዋጋው ላይ ግን አልስማማም። የምታስከፍለው ማሽኑ ስለሰራልህ ነው እንዴ? ባለፈው አንዱ በኤአይ ያሰራውን የሰርግ ካርድ ናሙና አሳየኝ፣ ከሩቅ ሸጋ ነው። ቀረብ ስትል ከላይ «የጋብቻ ጥሪ» የሚል ይመስላል እንጂ አንዱም ፊደል ፊደል አይደለም፣ «ጋ» የመሰለው እግሩ ሦስት ነው፣ ከጎኑ «ቸ» የሚመስል ነገር አናቱ ላይ ሌላ ቆብ ደርቧል። የሙሽሪት ቀሚስ ጥበቡ ወገቧ ላይ ሲደርስ ይጠፋና ጉልበቷ አካባቢ ሌላ ጥበብ ሆኖ ብቅ ይላል። ከኋላቸው ሐይቅ አለ፣ ከሐይቁ ማዶ ደሞ በረዶ የለበሰ ተራራ። የሀዋሳው ታቦር ተራራ በረዶ ለበሰ በሉኛ! ይሄን አይቶ የሚያርም፣ ፊደሉን አጥፍቶ በደንብ የሚጽፍ፣ ጥበቡን የሚያገናኝ ሰው አንተ ነህ፣ የምታስከፍለውም ለሱ ነው። ስለዚህ ሁለት ዋጋ ግድግዳህ ላይ ለጥፍ፣ በሰዓሊ ይሄን ያህል፣ በኤአይ ተሰርቶ በእኛ ታርሞ ይሄን ያህል። ኪስ የሚፈቅደውን ሰው ይመርጣል፣ አንተም አትሳቀቅም።

ስትናገር ደሞ በሚገባ ቋንቋ ተናገር። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ በ2022 ጄሰን አለን የሚባል ሰው በአንድ አውደ ርዕይ የዲጂታል ስነ ጥበብ ውድድር አንደኛ ወጥቶ 300 ዶላር ተሸለመ፣ ቅጹ ላይ ስሙን ሲሞላ «በሚድጆርኒ» ብሎ ጨምሮ ነበር፣ ማለትም አልደበቀም። ግን ዳኞቹ ሚድጆርኒ ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ኋላ ላይ ብናውቅም እሱኑ እንሸልም ነበር አሉ፣ ቢሆንም ጭቅጭቁ ዓለምን አዳረሰ። ደረሰኝህ ላይ «ሚድጆርኒ» ብለህ ብትጽፍ የአርባ ምንጩ አጎቷ የህትመት ማሽን ስም ነው የሚመስላቸው፣ «ምስሉ በኮምፒውተር የተፈጠረ ነው፣ በእጅ አልተሳለም» ብለህ ጻፍ።

ሎጎ ላይ ደሞ የበለጠ ተጠንቀቅ፣ እዛ ጋ ነገሩ ገንዘብ ነው። የኛ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ የስራ አመንጪ የሚለው በአእምሮው ያመነጨውን ሰው ነው፣ ጥበቃውም ሰውየው በህይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው የሚቆየው። ማሽን አይሞት፣ 50ውን ከየት ትቆጥራለህ? የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በ2023 አንድ የስዕል ታሪክ መጽሐፍ ላይ ሲወስን ጽሁፉና የገጹ አቀማመጥ የደራሲዋ ነው፣ በሚድጆርኒ የወጡት ምስሎች ግን መብት የላቸውም አለ፣ በ2025 መጀመሪያ ባወጣው ሪፖርት ደሞ ፕሮምፕት (ለማሽኑ የሚሰጠውን ትዕዛዝ) መጻፍ ብቻውን ባለመብት አያደርግም ብሏል። ያ የነሱ ነው፣ እዚህ ጋ አይሰራም፣ ግን ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ያሳያል። አንድ ሆቴል ሎጎ አሰርቶህ ነገ ጎረቤቱ ቢገለብጥበትና ይሄማ ሰው የሰራው አይደለም ቢለው፣ የሚመጣው አንተ ጋ ነው። (የንግድ ምልክት ማስመዝገብ ሌላ መንገድ ነው፣ እሱን ከዚህ ጋር አታምታታው።) ስለዚህ ከመጀመሪያው ንገረው፣ ሎጎን ደሞ ብትችል በእጅህ ስራው።

«እንደምን አሉ፣ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ለትምህርት ቤታችን መጽሔት አጭር ታሪክ ጻፉ ብዬ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ከጠበቅኩት በላይ የሆነ ነገር ይዞ መጣ። ኤአይ መለያ ድረ ገጽ ላይ ሳስገባው 90 በመቶ ኤአይ ነው አለኝ። ልጁ ራሴ ነኝ የጻፍኩት ብሎ ይምላል። ዜሮ ሰጥቼ ከመጽሔቱ ላውጣው ወይስ?»

መምህር፣ እባክዎ እንዳይሰጡ! ያ 90 በመቶ ምስክር አይደለም። ቻትጂፒቲን የሰራው ኦፕን ኤአይ ራሱ የሰራው መለያ ነበረው፣ ኤአይ ከጻፋቸው ጽሁፎች የሚይዘው 26 በመቶውን ብቻ ነበር፣ ሰው ከጻፋቸው ውስጥ ደሞ 9 በመቶውን በሀሰት ይከስስ ነበር፣ በ2023 ሐምሌ ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብለው ዘጉት። የሰራው ድርጅት ያልቻለውን አንድ ነጻ ድረ ገጽ ቻለው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ከዛ በላይ ደሞ የሚያሳስበው፣ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በዛው ዓመት ሰባት መለያዎችን ወስደው እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች በጻፏቸው የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰቶች ላይ ሲሞክሯቸው በአማካይ ከ60 በመቶ በላዩን ኤአይ ነው አሉ። ምክንያቱም መለያው የሚያየው ቃላቱ ምን ያህል ቀላልና የሚገመቱ ናቸው የሚለውን ነው፣ በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ደሞ የሚያውቀውን ቃል ነው የሚደጋግመው። የእርስዎ ልጆች ቤት ሲዳምኛ ወይ ወላይትኛ፣ ሰፈር አማርኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ የሚሉ ናቸው። ያ መሳሪያ የተሳሳተው በነሱ ዓይነቶቹ ላይ ነው።

ልጁን ሻይ ጋብዘው ስለ ታሪኩ ያውሩት። ይሄን ሰውዬ ለምን እዚህ ጋ ገደልከው፣ እህቱ ለምን አልመጣችም፣ መጀመሪያ እንዴት ነበር የጀመርከው ይበሉት፣ የጻፈ ሰው እንዲህ ሲጠየቅ አፉን መያዝ ያቅተዋል፣ ያልጻፈ ደሞ ታሪኩን ከመድገም አያልፍም። ረቂቅ ካለው ይጠይቁት፣ ስልኩ ላይም ቢሆን። ከዛ ለሚቀጥለው እትም ህጉን አስቀድመው ይንገሩ፣ ሀሳብ መጠየቅ ይቻላል፣ ፊደል ማረም ይቻላል፣ ዓረፍተ ነገር ማስጻፍ አይቻልም፣ የተጠቀመ ከታች ይጽፋል። ከልጁ ጋር ሲያወሩ ደሞ እርስዎ የሚድ ፈተና ሲያወጡ በኤአይ የሚያወጡ ከሆነ እሱንም ይንገሩት፣ ልጆቹ እንደሆነ ያውቃሉ።

«አባቴ ካረፈ አርባ ሊሞላው ነው። ታናሽ ወንድሜ ኮምፒውተር ላይ ጎበዝ ነው፣ የአባታችንን ድምጽ በኤአይ አስመስሎ ለተዝካሩ ‹ልጆቼ፣ ተከባበሩ፣ እናታችሁን ጠብቁ› የሚል መልእክት ሰርቷል። ስሰማው አለቀስኩ፣ ራሱ አባዬ ነው። ግን የሆነ ነገር አላማረኝም። እሱ ደሞ በፍቅር ነው የሰራሁት ይለኛል።»

እግዜር ያጽናችሁ። ወንድምህ በፍቅር እንደሰራው አልጠራጠርም፣ አይሁንበት ግን። አባታችሁ ያንን አላለም። ሊለው ይችል ነበር፣ ምናልባት ሙሉ እድሜውን ሲለው የኖረ ነገር ነው፣ ግን በዛ ቀን በዛ ድምጽ አላለውም። ድንኳኑ ውስጥ ከኋላ የተቀመጡት አክስታችሁ «ይሄ በኤአይ የተሰራ ነው» ተብሎ በማይክ ቢነገር እንኳ አይሰሙም፣ ቢሰሙም አይገባቸውም፣ የሚሰሙት ወንድማቸውን ነው። ነገ «ሳይሞት ቀድቶ ያስቀመጠው ኑዛዜ» ሆኖ ይወራል። ከዛ ደሞ ውርስ ምናምን የሚመጣ ከሆነ፣ ያ ፋይል በቤተሰቡ ስልክ ውስጥ እየዞረ ምን እንደሚሆን አስበው። ዩቲዩብ እንኳ ከ2024 ጀምሮ እውነተኛ የሚመስል የተሰራ ድምጽና ምስል የሚጭን ሰው ምልክት እንዲያደርግ ያስገድዳል፣ ተዝካር ላይ ምልክት የሚያደርግ የለም።

አባታችሁ ቴሌግራም ወይ ዋትስአፕ ላይ የላካቸው ቮይሶች ይኖራሉ። «ደርሰሃል? ዳቦ ይዘህ ና» የሚል ቢሆንም እሱን አሰሙ፣ ሰው የሚያለቅሰው እሱ ላይ ነው። ወንድምህ ጎበዝ ከሆነ የቮይሱን ጩኸት አጥርቶ ያውጣው፣ እዛ ላይ ኤአይ ቢጠቀም ምንም የለበትም፣ ቃሉ የአባታችሁ ነውና።

«የአጭር ልቦለድ ስብስብ በራሴ ላሳትም ነው። ታሪኩን በሙሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ኤአይ የተጠቀምኩት ሀሌታውን ሀና ሐመሩን ሐ እንዲያርምልኝ፣ አራት ነጥብ እንዲያስገባልኝ ነው። መግቢያው ላይ መጻፍ አለብኝ?»

አይጠበቅብህም። አማዞን እንኳ ከ2023 ጀምሮ መጽሐፍ የሚያሳትሙ ሰዎች ኤአይ የጻፈላቸውን እንዲያሳውቁ ሲያስገድድ፣ ራስህ የጻፍከውን እንዲያርምልህ ከሆነ ግን ማሳወቅ የለብህም ብሎ ለይቶታል፣ ጥሩ መስመር ይመስለኛል። ብቻ ማተሚያ ቤት ከመላክህ በፊት የድሮውን ፋይልና ያረመልህን ጎን ለጎን አስቀምጠህ አንብብ፣ ምክንያቱም አርምልኝ ስትለው ዝም ብሎ የማሳመር አመል አለው፣ «ሄደች» ያልከውን «ጉዞዋን ቀጠለች» ያደርግብሃል፣ የአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጅህን እንደ ዜና አንባቢ ያናግረዋል፣ አንዳንዴ ደሞ ማንም አበሻ ተናግሮት የማያውቅ ተረትና ምሳሌ ሽማግሌው አፍ ላይ ይሰካል። እንደዛ ዓይነት ካገኘህ ሰርዘውና ያንተን መልስ።